የቤት ፕላን ለግንባታ ፈቃድ ከመግባቱ በፊት እንዴት ይታያል?

ቦታው አለ፣ ካርታው ወጥቷል፣ አርክቴክቱም ፕላኑን ሠርቶ አስረክቧል። ብዙ ሰው እዚህ ሲደርስ ጥያቄው «መቼ ይገባልኝ?» ብቻ ነው። የመጀመሪያውን ገጽ ይገልጣል፣ ባለቀለሙን የፊት ለፊት ሥዕል ያያል፣ ደስ ይለዋል፣ ይፈርማል። ፕላኑም ወደ ክፍለ ከተማው የግንባታ ፈቃድ ጽሕፈት ቤት ይሄዳል።

እዚያ ያሉት ባለሙያዎች የሚመረምሩት ሕጉን ነው። ቤቱ ከወሰን የሚገባውን ያህል ርቋል ወይ፣ ከፍታው ከተፈቀደው አልፏል ወይ፣ ኮለኑ ጭነቱን ይችላል ወይ፣ ፕላኑን የሠራው ባለሙያ የታደሰ ፈቃድ አለው ወይ ይላሉ። ምጣዱ የት እንደሚቀመጥ፣ ቁም ሣጥኑ በደረጃው መዞሪያ እንደሚያልፍ፣ እናታችሁ ሊጠይቋችሁ ሲመጡ ደረጃ ሳይወጡ የሚያድሩበት ክፍል እንዳለ ግን አይጠይቋችሁም። ሥራቸው አይደለም። ይህን ማየት የእናንተ ድርሻ ነው።

ታዲያ ለምን አሁን? ርካሹ ጊዜ አሁን ስለሆነ ነው። ፕላኑ ገና ኮምፒዩተር ላይ ሳለ አንድ ግድግዳ ማዛወር ለአርክቴክቱ የሰዓታት ሥራ ነው። ፈቃዱ ከወጣ በኋላ ያው ግድግዳ የማሻሻያ ፈቃድ ይጠይቃል፤ እንደገና መታተም፣ እንደገና መመርመር፣ እንደገና መክፈል አለ። ብሎኬቱ ከተደረደረ በኋላ ደግሞ ማፍረስ ነው፤ የአፍራሹ፣ የፍርስራሹ ማንሻና የአዲሱ ግንባታ ሒሳብ በአንድ ላይ ይመጣል።

በእጃችሁ ስንት ዓይነት ወረቀት መኖር አለበት? ሙሉ ፕላን ሲባል አራት ጥራዝ ነው። አርክቴክቸራሉ የክፍሎቹን አቀማመጥና የቤቱን መልክ ያሳያል። ስትራክቸራሉ ቤቱን የሚሸከመውን አጥንት፣ ማለትም መሠረቱን፣ ኮለኑን፣ ቢሙን፣ ሶሌታውንና የፌሮውን ብዛት ይዘረዝራል። ሳኒተሪው የንጹሕ ውኃና የፍሳሽ መስመር ነው። ኤሌክትሪካሉ የመብራት፣ የሶኬትና የፊውዝ ሳጥን ንድፍ ነው። «ለጊዜው አርክቴክቸራሉን ብቻ ይዩት፣ ሌላው ለባለሙያ ነው» ከተባላችሁ አትቀበሉ። ቤት ውስጥ የሚያናድዱን ነገሮች አብዛኞቹ የሚወለዱት አራቱ ጥራዞች እርስ በርስ ሳይነጋገሩ ሲቀሩ ነው።

የሚጠየቀው ዝርዝር እንደ ሕንፃው ምድብ ይለያያል። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ሕንፃዎችን ‹ሀ›፣ ‹ለ› እና ‹ሐ› ብሎ በሦስት ከፍሎ ነበር። ባለ አንድ ወለል ሆኖ በሁለት ኮለኖች መካከል ያለው ርቀት ከ7 ሜትር የማይበልጥ ቤት ምድብ ‹ሀ› ነበር። ጂ ፕላስ ዋን፣ ማለትም ምድርና አንድ ፎቅ ያለው ቤት፣ ወደ ‹ለ› ያልፍ ነበር። ከመሬት ከ12 ሜትር በላይ የሚወጣ ሕንፃ፣ እንዲሁም ለሕዝብ አገልግሎት የሚውል፣ ‹ሐ› ነበር። አዋጅ፣ ደንብና መመሪያ በየጊዜው ስለሚሻሻል ዛሬ የሚሠራበትን ዝርዝር ከክፍለ ከተማው ጠይቃችሁ በጽሑፍ ያዙ። የጎረቤት ወሬ ካለፈው ዓመት ሊሆን ይችላል።

ከፕላኑ በፊት የሚቀድም አንድ ወረቀት አለ፤ የፕላን ስምምነት ይባላል። ከተማው በእናንተ ቦታ ላይ ምን መሥራት እንደሚፈቀድ የሚነግርበት ነው። ቦታው ለመኖሪያ ነው ወይስ ለቅይጥ፣ ስንት ወለል ይፈቀዳል፣ በመንገድ በኩል ምን ያህል መራቅ ያስፈልጋል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በከተማው መዋቅራዊ ፕላን መሠረት መንገድ ይነካዋል ወይስ አይነካውም የሚለው እዚያ ላይ ነው። አንዳንድ ሰው መጀመሪያ ዲዛይን አሠርቶ ኋላ ስምምነቱን ይጠይቃል። ከቦታው ሦስት ሜትር ለመንገድ ማስፋፊያ ተይዞ ቢገኝ የከፈለበት ዲዛይን ዋጋ አጣ ማለት ነው። ቅደም ተከተሉን አታዛቡ፤ ዲዛይነሩም ሥራውን ሲጀምር ስምምነቱ ጠረጴዛው ላይ ይኑር።

ስምምነቱ ላይ «ባር» የሚባል ቁጥር ታገኛላችሁ። ከጠቅላላው ቦታ ውስጥ ምን ያህሉ በቤት ሊሸፈን እንደሚችል የሚናገር መቶኛ ነው። በምሳሌ እንየው። ቦታችሁ 150 ካሬ ሜትር፣ የተፈቀደው ሽፋን 50 በመቶ ነው እንበል። መሬት ላይ የምታሳርፉት ቤት ከ75 ካሬ አይበልጥም። ከጓሮ 4 በ3.5 ሜትር የሆነ ሰርቪስ ቤት ካሰባችሁ 14 ካሬ ይወስዳል፤ ለዋናው ቤት 61 ይቀራል። ይህን ሒሳብ ራሳችሁ አስሉት። ሰርቪሱን ከፕላን አውጥቶ «ኋላ እንጨምረዋለን» ማለት የተለመደ ነው። ኋላ የሚጨመረው ግን ያለ ፈቃድ የተሠራ ይባላል፤ ቤቱ ሲሸጥ ወይም ለባንክ ዋስትና ሲቀርብ ጥያቄ ያስነሣል፤ ሊፈርስም ይችላል።

አሁን ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ዘርጉትና ከቀኝ ጠርዝ ወይም ከታች ካለው ሰንጠረዥ ጀምሩ። ሰንጠረዡ የባለቤቱን ስም፣ የቦታውን አድራሻ፣ የካርታ ቁጥሩን፣ የባለሙያውን ስምና ማህተም ይይዛል። ማንም አያነበውም፤ ፕላን ከሚያስመልሱ ምክንያቶች ግን አንዱ ይህ ነው። ካርታው ላይ «ኃ/ማርያም» ተብሎ ፕላኑ ላይ «ሀይለማርያም» ከሆነ አስተካክሉት። ካርታው ላይ ያለው ስፋትና ፕላኑ ላይ ያለው ስፋት እኩል መሆኑን አረጋግጡ። ከዚያ ሜትር ይዛችሁ ቦታው ላይ ሂዱና ወሰኑን ለኩ። ወረቀትና መሬት ካልተስማሙ መጀመሪያ የሚፈታው እሱ ነው።

ቀጥሎ ስኬሉን እዩ። ስኬል ማለት እውነተኛው ርዝመት ወረቀት ላይ ስንት ጊዜ እንዳነሰ የሚነግር ቁጥር ነው። 1፡100 ከተባለ ወረቀቱ ላይ አንድ ሳንቲ ሜትር፣ መሬት ላይ አንድ ሜትር ነው። ጥንቃቄ የሚያሻው ግን ኤ1 በሚባለው ትልቅ ወረቀት የተሠራ ፕላን ለእናንተ በኤ3 ታትሞ ሲመጣ ነው፤ ርዝመቱ በግማሽ ያንሳል። ጽሑፉ 1፡100 እያለ እውነቱ 1፡200 ይሆናል። ስለዚህ በማስመሪያ ለክታችሁ አትደምድሙ። የተጻፈውን ቁጥር አንብቡ። ቁጥር ያልተጻፈበት ክፍል ካለ እንዲጻፍ ጠይቁ።

ቁጥሩም ቢሆን ሊያሳስት ይችላል፤ እዚህ ላይ ቆም እንበል። ብዙ ፕላን ላይ ልኬቱ የሚጻፈው ከግድግዳ መሐል እስከ ግድግዳ መሐል ነው። መኝታ ቤቱ 3 ሜትር ተብሎ ተጽፏል እንበል። ብሎኬቱ 20 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ከሁለቱም ወገን ግማሽ ግማሹ፣ በድምሩ 20 ሳንቲ ሜትር ይቀነሳል። ልስኑ በየጎኑ 2.5 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ሌላ 5 ይቀነሳል። የሚቀራችሁ 2.75 ሜትር ነው። 2 ሜትር አልጋ በቁመቱ ብታስገቡ ከእግርጌው 75 ሳንቲ ሜትር ይተርፋል፤ 60 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ቁም ሣጥን ፊት ለፊቱ ብታቆሙ 15። በሩን ከፍቶ ልብስ የሚያወጣ ሰው አይኖርም። ባለሙያውን «ይህ የውስጥ ለውስጥ ንጹሕ ልክ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ያች አንዲት ጥያቄ ብዙ ታድናለች።

ለዚህም ነው ዕቃችሁን መለካት ያለባችሁ። አልጋ፣ ቁም ሣጥን፣ ሶፋ፣ ቡፌ፣ ፍሪጅ፣ የልብስ ማጠቢያ። ልካቸውን ለአርክቴክቱ ስጡትና ፕላኑ ላይ በልካቸው እንዲስላቸው አድርጉ። ከኮምፒዩተሩ ተስለው የሚመጡት ሶፋዎች አንዳንዴ ልጅ እንኳን የማይቀመጥባቸው ናቸው፤ ክፍሉን ሰፊ ያስመስሉታል። በሮቹ ወዴት እንደሚከፈቱ የምታሳየዋን ሩብ ክብ መስመርም ተከተሉ። የመታጠቢያ ቤቱ በር ከመኝታ ቤቱ በር ጋር ይጋጫል? ሳሎን የተቀመጠ እንግዳ በሩ ሲከፈት የሽንት ቤቱን መቀመጫ ያያል?

ባዶ ካሬ ዋጋ አለው። ኮሪደር ያስፈልጋል፤ ግን ሲረዝም ገንዘብ ይበላል። 1.20 ሜትር ስፋትና 6 ሜትር ርዝመት ያለው ኮሪደር 7.2 ካሬ ነው። ለስሌት ያህል አንዱ ካሬ 30,000 ብር ይፈጃል ብንል 216,000 ብር ለመተላለፊያ አዋላችሁ ማለት ነው። የዛሬውን የካሬ ዋጋ ከኮንትራክተር ጠይቁና በቁጥሩ ቦታ ተኩት። ከዚያ ፕላኑን ይዛችሁ «የምንኖርበት ስንት ካሬ ነው፣ የምናልፍበት ስንት ነው?» በሉ።

ወጥ ቤቱ የተለየ ዓይን ይፈልጋል። መጽሔት ላይ የሚታየው ክፍት ኪችን ያማረ ነው፤ እንጀራ ሲጋገር፣ ሽንኩርት ሲቁላላ፣ በርበሬ ሲታመስ ሽታው ሳሎን ሶፋ ላይ ያድራል። ስለዚህ ብዙ ቤተሰብ ሁለት ያደርጋል፤ ቀለል ያለው ውስጥ፣ ጭስና እንፋሎት ያለበት ከኋላ። እንደዚያ ካሰባችሁ ሁለተኛው ከፕላኑ ላይ ይኑር፤ ውኃ፣ ፍሳሽና የምጣድ መስመር ይሳብለት። ግቢውንም አስቡ። ሠርግ ወይም ለቅሶ ሲመጣ ድንኳን የሚተከለው የት ነው? መኪናው ወጥቶ ስንት ሜትር ይተርፋል? ይህን የሚጠይቅ ፎርም የለም፤ ፕላኑ ከጸደቀ በኋላ ግን ግቢው አይሰፋም።

ሳይት ፕላኑ፣ ቤቱ በቦታው ላይ የት እንዳረፈ የሚያሳየው ገጽ ነው። የሰሜን ቀስት አለበት። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነች እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ከአናት ብዙ አትርቅም፤ በሰኔ ትንሽ ወደ ሰሜን፣ በታኅሣሥ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። ዝቅ ብላ በቀጥታ ወደ መስኮት የምትገባው በጠዋት ከምሥራቅ፣ ከሰዓት በኋላ ከምዕራብ ነው። በቀዝቃዛው ጠዋት የምሥራቅ መስኮት ያለው መኝታ ቤት በረከት ነው። ምዕራብን የሚያይ ሰፊ መስታወት ያለው ሳሎን ግን በበጋ ከሰዓት በኋላ መጋረጃ አይከፈትበትም። ፊት ለፊቱ የሚያምረው በየት በኩል እንደሆነ ብቻ ሳይሆን ፀሐይዋ በየት እንደምትገባም ጠይቁ።

ወደ ጎረቤት የሚከፈት መስኮትም እዚሁ ገጽ ላይ ይታያል። ሕጉ መስኮት ያለው ግድግዳ ከወሰኑ እንዲርቅ ይፈልጋል። ስንት ሜትር እንደሆነ ለቦታችሁ ከተሰጠው የፕላን ስምምነት አንብቡ፤ ከዚያ ፕላኑ ላይ ያለውን ቁጥር አመሳክሩ። የጣሪያውን ውኃም አትርሱ። 80 ካሬ ጣሪያ ላይ 30 ሚሊ ሜትር ዶፍ ቢወርድ 2,400 ሊትር ነው። ወዴት ይሄዳል? አሸንዳው ወደ ጎረቤት አጥር የሚያዘነብል ከሆነ በክረምት ጠብ ይመጣል።

ሴክሽን የሚባለው ሥዕል ቤቱ ከላይ እስከ ታች ተቆርጦ የሚታይበት ነው። ብዙ ሰው ይዘለዋል። እኔ ቢሆን መጀመሪያ የማየው እሱን ነው። እዚያ ላይ የከፍታ ቁጥሮች አሉ፤ የምድር ቤቱ ወለል 0.00 ተብሎ ሌላው ሁሉ ከእሱ አንጻር ይለካል። መንገዱ -0.60 ከተባለ ከወለላችሁ 60 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይላል፤ መልካም ነው። +0.20 ካያችሁ መንገዱ ከሳሎናችሁ ከፍ ብሏል፤ የክረምት ጎርፍ መግቢያውን አገኘ ማለት ነው። የቁልቁለት ቦታ ከሆነ ሙሌቱ ምን ያህል እንደሆነ፣ አፈሩን የሚይዝ የድጋፍ ግንብ ተስሎ እንደሆነ እዚሁ ይታያል። ቁልቁለት ላይ ያለን ቦታ ሜዳ አስመስሎ የሳለ ፕላን ምናልባት የተዘጋጀው ለሌላ ሰው ቦታ ነው። በስም ለውጥ ብቻ የሚሸጥ ፕላን ዋጋው ርካሽ የሚሆነው ለዚህ ነው፤ ልዩነቱ በሙሌት፣ በድንጋይና በአርማታ ይከፈላል።

ደረጃውን በእርሳስ አስሉት። ከወለል እስከ ወለል 3.06 ሜትር ነው እንበል። አንዱ እርከን 17 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ቢኖረው 18 እርከን ያስፈልጋል። የእግር መርገጫው 28 ሳንቲ ሜትር ከሆነ መርገጫዎቹ 17 ናቸው፤ ቀጥ ብሎ የሚወጣ ደረጃ 4.76 ሜትር ርዝመት ይወስዳል። ምቹ መሆኑን ለማወቅ የከፍታውን እጥፍ ከመርገጫው ጋር ደምሩ፤ እዚህ 34 ሲደመር 28፣ 62 ነው። ከ60 እስከ 64 ያለው ለእግር ይስማማል። አንዳንድ ፕላን ቦታ ለመቆጠብ ከፍታውን ወደ 20 ያደርሰዋል። ወጣት ሆናችሁ ታልፉት ይሆናል፤ ለሽማግሌና ለነፍሰ ጡር ግን ፈተና ነው። ደረጃ ስትወጡ ራሳችሁ በላይኛው ቢም እንዳይመታም በሴክሽኑ ላይ ክፍተቱን እዩ።

ስትራክቸራሉን እኔ እንዴት ልረዳው? ስሌቱን አትረዱትም፤ መረዳትም አይጠበቅባችሁም። አንድ ነገር ግን ማንም ያያል። ኮለኖቹ በፊደልና በቁጥር በተሰየሙ መስመሮች መገናኛ ላይ ይቆማሉ፤ ለምሳሌ ኤ-1፣ ቢ-2። አርክቴክቸራሉንና ስትራክቸራሉን ጎን ለጎን ዘርግታችሁ መስመር በመስመር አመሳክሩ። ሳሎኑ መካከል ያልጠበቃችሁት ኮለን ብቅ ይላል? ከጋራዡ መግቢያ ላይ ቆሟል? ታች ያለው ኮለን ፎቅ ላይ ሲደርስ ቦታ ይቀይራል? ደረጃው በሚያልፍበት ቀዳዳ ላይ ቢም ተዘርግቷል? ጣታችሁ የጠቆመውን ለመሐንዲሱ አሳዩ፤ መልስ ይስጣችሁ።

ሦስት ነገር ደግሞ እናንተ ካልነገራችሁት መሐንዲሱ አያውቅም። የመጀመሪያው የውኃ ታንከር ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣ ሮቶ ሰገነት ላይ ይሰቀላል። 2,000 ሊትር ውኃ ብቻውን 20 ኩንታል ይመዝናል። የት እንደሚቀመጥ ፕላኑ ላይ ተስሎ፣ ክብደቱ በስሌቱ ውስጥ ይግባ። ሁለተኛው «ልጆች ሲያድጉ አንድ ፎቅ እጨምራለሁ» የሚለው ሐሳብ ነው። መሠረቱ ለዚያ ካልተሠራ ጣሪያ ላይ ፌሮ አስወጥቶ መተው ብቻውን ምንም አይጠቅምም። አሁን ንገሩት፤ መሠረቱ ላይ የሚጨመረውንም ወጪ አስልቶ ያሳያችሁና ወስኑ።

ሦስተኛው አፈሩ ነው። ጥቁር መረሬ በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ ላዩ ላይ ያለውን ቤትም ይዞት ይንቀሳቀሳል። በቦሌና በአቃቂ አካባቢ ብዙ ቦታ ይገኛል። የአፈር ምርመራ ሳይደረግ የተሳለ መሠረት ግምት ነው። ለምርመራው የሚወጣው ገንዘብ ያንገበግባል፤ የተሰነጠቀ ቤት ለመጠገን ከሚወጣው ጋር ግን አይወዳደርም። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ በኩል የተነሡት የመሬት መንቀጥቀጦች አዲስ አበባ ድረስ ፎቅ ሲያወዛውዙ ብዙዎቻችን ተሰምቶናል። «የመንቀጥቀጥ ስሌት ተሠርቷል? በየትኛው የኢትዮጵያ የሕንፃ ኮድ?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። መልሱ ስሌቱን በያዘው ሰነድ ላይ ተጽፎ መገኘት አለበት።

ሳኒተሪው ላይ አንድ ደንብ ያዙ፤ ሽንት ቤት በሽንት ቤት ላይ። የፎቁ መታጠቢያ ከምድሩ መታጠቢያ በላይ ከሆነ ቱቦው ቀጥ ብሎ ይወርዳል፤ ወጪ ይቀንሳል፣ ጥገናውም ይቀላል። የፎቁ ሽንት ቤት ከሳሎኑ ኮርኒስ በላይ ከወደቀ አንድ ቀን ያ ኮርኒስ እድፍ ያወጣል። ፍሳሹስ ወዴት ይሄዳል? የከተማው የፍሳሽ መስመር በየሰፈሩ ስለማይደርስ ብዙዎቻችሁ ሴፕቲክ ታንክ ትቆፍራላችሁ። ከቤቱ መሠረትና ከንጹሕ ውኃ ማጠራቀሚያው መራቁን እዩ። የፍሳሽ ማንሻ መኪናው ቱቦ የሚደርስበት መሆኑንም እንዲሁ። ጓሮ ጥግ ተደብቆ ላዩ ላይ ሰርቪስ የተሠራበት ታንክ ሲሞላ ችግሩ የመላው ቤተሰብ ነው።

ኤሌክትሪካሉ ላይ ምጣዱን ፈልጉ። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይወስዳል። በ220 ቮልት ሲካፈል 16 አምፔር ያህል ነው፤ ተራ የሶኬት መስመር እስከ አፉ ይሞላል። ስለዚህ ከፊውዝ ሳጥኑ ብቻውን የሚነሣ፣ ወፍራም ሽቦና የራሱ ብሬከር ያለው መስመር ይፈልጋል። ቦይለሩና የኤሌክትሪክ ምድጃውም እንደዚሁ። ፕላኑ ላይ እነዚህ ከመብራት ጋር በአንድ መስመር ከተሰቀሉ አስመልሱት። የመሬት ሽቦው፣ ማለትም ዕቃው ሲበላሽ ኤሌክትሪኩን ከሰው ይልቅ ወደ መሬት የሚመራው፣ ተስሎ መሆኑን ጠይቁ። የሶኬቱን ብዛት ደግሞ እየዞራችሁ ቁጠሩ፤ ቡና የሚፈላበት ጥግ፣ ራውተሩ፣ ፍሪጁ። ከልስን በኋላ ሶኬት መጨመር ግድግዳ መፈልፈል ነው።

ወረቀት ላይ ማሰብ ለሚከብደው ሰው የምመክረው አንድ ሥራ አለ። ኖራ፣ ገመድና ችካል ይዛችሁ ቦታው ላይ ሂዱ። የምድር ቤቱን ክፍሎች በእውነተኛ ልካቸው መሬቱ ላይ አስምሩ። ከዚያ ቤተሰቡ ይግባ። በሩ በተባለው በኩል ግቡ፣ ወጥ ቤት ቁሙ፣ ትሪ የያዛችሁ ያህል ወደ ሳሎን ሂዱ። አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃል፤ ወጪው የኖራው ነው። ሜዳ ላይ የተሰመረ ክፍል ግድግዳ ሲቆምለት ካለው ጠበብ ብሎ ይታያል፤ እሱን ግምት ውስጥ አስገቡ። ባልና ሚስት የሚከራከሩበት ነገር ካለም እዚያው ቢወጣ ይሻላል።

ዋሽንግተን ወይም ሪያድ ሆናችሁ በውክልና የምታሠሩ ከሆነ ፕላኑ የሚደርሳችሁ በቴሌግራም ነው። በስልክ አትዩት። አሳትሙት፤ ከዚያ የምትኖሩበትን ክፍል ለክታችሁ ከእሱ ጋር አነጻጽሩ። እርማታችሁን በድምፅ መልእክት ብቻ አትላኩ። ወረቀቱ ላይ በቀይ ጻፉበት፣ ቁጥር ስጡት፣ ፎቶ አንሥታችሁ ላኩ። ወኪላችሁም ሲፈርም ያንኑ ዝርዝር በእጁ ይዞ ይፈርም።

ክፍያው እንዴት ነው? የዲዛይን ዋጋ በካሬ ወይም በጥቅል ይነገራል፤ ቁጥሩ እንደ ባለሙያውና እንደ ቤቱ ስለሚለያይ ከአንድ በላይ ቦታ ጠይቁ። ስታነጻጽሩ ግን ምን እንደተካተተ አጣሩ። አራቱም ጥራዝ አለበት? የአፈር ምርመራው? ኅትመቱ? በሌላ በኩል የጽሕፈት ቤቱ የአገልግሎት ክፍያ አለ፤ በደረሰኝ ብቻ ክፈሉ። ቤቱ ፎቅ ከሆነ ደግሞ ስትራክቸራሉን ከሥራው ጋር ንክኪ የሌለው ሌላ መሐንዲስ በሰዓት ሒሳብ እንዲያየው ማድረግ ትችላላችሁ። ተጨማሪ ወጪ ነው፤ እኔ ግን ለጂ ፕላስ ዋን ቤት አልሰስትም።

ከዲዛይነሩ ጋር ያላችሁ ውል በጽሑፍ ይሁን። ጽሕፈት ቤቱ አስተያየት ሰጥቶ ፕላኑን ከመለሰው እርማቱ በነፃ መሆኑ ይጻፍ፤ ስህተቱ የባለሙያው ነውና። እናንተ ሐሳብ ቀይራችሁ የምታስለውጡት ግን ስንት ጊዜ በነፃ፣ ከዚያ በኋላ በስንት እንደሆነ ይለይ። የመጨረሻው ክፍያ ፈቃዱ እስኪወጣ ይቆይ። የኮምፒዩተሩ ፋይል ለእናንተም እንደሚሰጥ ተስማሙ፤ ነገ ማሻሻያ ሲያስፈልግ ከባዶ የሚያስጀምር ባለሙያ እንዳታገኙ።

ፈቃዱ ሲወጣ ማህተም ያረፈበትን ቅጂ ወስዳችሁ ካስገባችሁት ጋር ገጽ በገጽ አመሳክሩ፤ መርማሪው በእርሳስ ወይም በቀይ የጨመረው ማስታወሻ ሊኖር ይችላል። የግንባታው ሠራተኛ የሚሠራበት ወረቀትም የዚያው ቅጂ ይሁን። ከዚያ በፊት የነበሩትን ረቂቆች ከሳይቱ ሰብስቡ። ፎርማኑ በኪሱ በያዘው አሮጌ ፕላን መሠረት ቆፍሮ ከተገኘ ተቆጣጣሪው የሚያስቆመው የእናንተን ሥራ ነው።